«እስከ ምርጫው ዝም በል» አሉኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት። እኔ ቡና ስንጠጣ ከጎኗ ሆኜ ነው የምሰማው። «እኔን ከምታደርቀኝ ለሳቸው ጻፍ» አለችኝ፤ ይኸው ጻፍኩ።

36 ዓመቴ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ወደ ሰሜን ከፍ ብላ ባለችው ቶርንተን ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ የሰው ታክስ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው፤ ሾፌሮች፣ ባለ ምግብ ቤቶች፣ ባለ ትንንሽ ሱቆች። ኮሌጅ እያለሁ፣ በ2008 መሆኑ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)፣ የፖለቲከኛውን የሮን ፖልን ንግግር ሰምቼ በዚያው ቀረሁ። ሰው ሌላውን እስካልበደለ ድረስ መንግሥት ከኪሱም፣ ከቤቱም፣ ከእምነቱም እጁን ያንሳ የሚለው ነገር የልቤን የተናገረልኝ መሰለኝ። ቆይቼ ሊበርታሪያን ፓርቲ ገባሁ። አባል ሲኮን የሚፈረም ቃል አለ፤ የፖለቲካም ሆነ የማኅበራዊ ዓላማን ለማሳካት ቀድሞ ኃይል መጠቀምን አላምንበትም፣ አልደግፈውም የሚል። ስፈርም እጄ ተንቀጥቅጧል። አይሳቁብኝ።

ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ዘርግቼ ወረቀት አድያለሁ፣ ፊርማ ለቅሜያለሁ። ከዚያ ነገር ተበላሸ። በ2022 ሬኖ ከተማ ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ አዲስ ቡድን ፓርቲውን ያዘው። በ2023 የኛ የኮሎራዶው ቅርንጫፍ ከሪፐብሊካኖች ጋር ተስማማ፤ እነሱ ለነፃነት የቆመ እጩ ካቀረቡ እኛ በጠበቡ ፉክክሮች ላይ እጩ አናቆምም አልን። በ2024 ደግሞ ፓርቲያችን ቼዝ ኦሊቨርን ለፕሬዝዳንትነት መርጦ ሳለ ቅርንጫፋችን «አይ፣ እኛ በግሉ የሚወዳደረውን ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየርን ነው የምናስመዘግበው» አለ። ጓደኞቼ ግማሾቹ ወጡ። የቀረነውም ሰላምታ ብቻ ነው።

አሁን ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዱ (የቱ እንደሆነ ይለፉኝ) ቡና ጋበዘኝ። ለስቴቱ ምክር ቤት ተወዳደርልን፣ ገንዘቡንም ሰውንም እኛ እናቀርባለን አሉኝ። አንድ ነገር ግን አለ። ፖሊስ ሳይፈረድብህ ገንዘብና መኪና የሚወስድበትን አሠራር ስቃወም ስለሚያውቁ «እሷን ነገር እስከ ምርጫው ዝም በላት፣ ሸሪፎቹን አታስቀይምብን» አሉኝ። ይህ ጉዳይ ለኔ ወሬ አይደለም። ከደንበኞቼ አንዱ የዕቁብ ብር ይዞ በሌላ ስቴት ሲያልፍ አስቁመው 18 ሺህ ዶላር ወስደውበታል። ወንጀል ብለው አልከሰሱትም። ለማስመለስ ስምንት ወር ፈጀ፤ ጠበቃው በልቶት የተመለሰው ግማሹ ነው።

የልብ ጓደኛዬ «ድምፅ መስጠት ራሱ ጌታህን መምረጥ ነው፣ ተወው» ይለኛል። ያሳደገኝ አጎቴ፣ ጋሼ፣ ደግሞ የፓርቲ ነገር ሲነሳ ከቤት ይወጣል። «እኔ ከፓርቲ ሸሽቼ በሱዳን በረሃ በእግሬ የመጣሁት አንተ ፓርቲ እንድትገባልኝ ነው?» ብሎኝ ይኸው ሁለተኛ ወሩ አኩርፎኛል። ብገባ ክህደት ነው? ብቀር ፍርሃት ነው? ሦስት ሳምንት ሰጥተውኛል።

ግራ የገባኝ፣ ከቶርንተን

* * *

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ባለቤትህን አመስግንልኝ። አልሳቅኩብህም ደግሞ። ሰው የስልክ ውል ሳያነብ «እሺ» በሚልበት ዘመን በፈረመው ቃል እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማግኘቴ ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ፓርቲ እየጻፍክ ቆይተህ ቆይተህ ወደ ሰዎች ትመለሳለህ፤ የወጡት፣ ሰላምታ ብቻ የቀረላችሁ፣ ያኮረፈህ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ልጠይቅህ። እነዚያ ሰዎች ቡና ሲጋብዙህ ደስ ያለህ ወንበሩ ነው? ወይስ ከስንት ጊዜ በኋላ «እንፈልግሃለን» የሚል ሰው መገኘቱ? ለኔ አትመልስልኝ። ብቻውን የከረመ ሰው ግን መጀመሪያ ለጠራው እሺ እንደሚል ብዙ አይቻለሁ፤ በትዳርም ጭምር።

ክህደት የምትለዋን ቃል ትንሽ እናቅልላት። ያንተ ጭንቀት ፓርቲው ከተወለደ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። የተመሠረተውም እዚያው እናንተ ዘንድ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በ1971 ነው። በዓመቱ ለፕሬዝዳንት ሲወዳደሩ በሁለት ስቴቶች ብቻ ነበር ስማቸው የወጣው፤ ያገኙት ድምፅ 4 ሺህ እንኳ አይሞላም። ሆኖም አንድ የኢሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዝዳንቱን በየስቴቱ ስም የሚመርጡት ተወካዮች የሚሰጡት ድምፅ ነው) አገኙ። ከማን? ለኒክሰን ድምፅ ሊሰጥ ከተመረጠ የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን! ሮጀር ማክብራይድ ይባላል። ለምክትልነት የቀረበችው ቶኒ ናታን በዚህ ምክንያት በአሜሪካ ታሪክ የኢሌክቶራል ድምፅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይቺን ነገር እወዳታለሁ። የፓርቲው ትልቁ የመጀመሪያ ድል የመጣው የራሱን ፓርቲ ትእዛዝ እምቢ ካለ የሌላ ፓርቲ ሰው ነው። በ1974 ደግሞ ዳላስ ላይ ተሰብስበው፣ መንግሥት ትንሽ ይሁን በሚሉትና ጭራሽ አይኑር በሚሉት መካከል፣ ነገሩን በፕሮግራማችን ላይ አናንሳው ብለው ተስማሙ። እንግዲህ ያ ጓደኛህና አንተ የምትከራከሩትን በዚያን ጊዜም አልጨረሱትም።

አንተን የማረከህን ሰውዬም እንየው። ሮን ፖል በ1988 በሊበርታሪያን ፓርቲ ስም ተወዳድሮ 430 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኘ። ከዚያ ወደ ሪፐብሊካኖች ተመልሶ ከ1997 እስከ 2013 ኮንግረስ ተቀመጠ፤ የራሱ ፓርቲ ሲያዋክበው «አይሆንም» እያለ። በ2008 ያንን ንግግር ስትሰማ እኮ የቆመው በሪፐብሊካን መድረክ ላይ ነበር! የገባህበት በር ያ ነው። በተቃራኒው የሄደም አለ። ጀስቲን አማሽ በ2019 ሪፐብሊካኖችን ትቶ ወጣ፣ በ2020 ሊበርታሪያን ሆነ፣ በኮንግረስ የመጀመሪያው የፓርቲው አባል ተባለ፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ ጊዜው አበቃ። አንዱ ገብቶ፣ አንዱ ወጥቶ፣ ሁለቱም የሚያምኑበትን ተናግረዋል። ስለዚህ ፓርቲ መቀየርህ ብቻውን ከሃዲ አያደርግህም። እኔ ፓርቲን የማየው እንደ ታክሲ ነው። የምትሳፈረው ለመድረስ ነው፤ ቤት አይደለም።

ግን ሾፌሩ «መንገድ ላይ አፍህን ዝጋ» ሲልህ ነገሩ ይለያል። እሱ ላይ እመጣለሁ።

እነዚህ ሰዎች ለምን እንደፈለጉህም በደንብ ልታውቅ ይገባል። በራስህ ሰፈር የሆነውን ታስታውሳለህ። በ2022 ቶርንተን ያለችበት አዲሱ ስምንተኛ የኮንግረስ ወረዳ ላይ አሸናፊዋ ዲሞክራትና ተሸናፊዋ ሪፐብሊካን የተለያዩት በ1,632 ድምፅ ነው። የናንተው ሊበርታሪያን ከ9 ሺህ በላይ ወስዷል። ያኔ ነው የናንተ ስልክ መጮህ የጀመረው። በ2023 ያ ስምምነት መጣ። በ2024 የናንተ እጩ ከዚያው ወረዳ ራሱን አገለለና ሪፐብሊካኑ በጥቂት ሺህ ድምፅ አሸነፈ። በአገር ደረጃ ፓርቲው በ2016 ካገኘው 4.5 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ በ2024 ወደ 650 ሺህ ቢወርድም፣ በጠበበ ወረዳ ውስጥ ያቺ ጥቂት ድምፅ ወርቅ ናት። ወርቅ ደግሞ ገዢ አያጣም። እንዲህ ስልህ ልትናደድ አይገባም፤ ተፈላጊ ነህ ማለት እኮ ነው። ተፈላጊ ሰው ግን የመጀመሪያውን ዋጋ አይቀበልም። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል።

መደራደር ጥሩ ነው የሚሉት ማስረጃ አላቸው። በግንቦት 2024 ዋሽንግተን በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ላይ ትራምፕ መጥተው ንግግር ሲያደርጉ ብዙ ተጮኸባቸው። ቢሆንም እዚያው መድረክ ላይ በኢንተርኔት የዕፅ መሸጫ ገበያ ከፍቶ የታሰረውን ሮስ ኡልብሪክትን እፈታለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ በጥር 2025 ሙሉ ይቅርታ አደረጉለት። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት የነበረ ሰው ቤቱ ገባ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሎቹ ደግሞ «አንድ ሰው አስፈትተን ስንት ነገር ዋጥን?» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ። አንድ ነገር ግን አስተውል። በዚያ ድርድር ሊበርታሪያኖቹ የጠየቁትን ጮክ ብለው ነበር የጠየቁት፤ «ኡልብሪክትን ፍታ» የሚል ወረቀት ከፍ አድርገው። አንተ የተጠየቅከው ግን የምትጮህበትን ነገር አስቀድመህ እንድትሰጥ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልንገርህ፤ ምክር ጠይቀኸኝ ልሸሽህ አልፈልግም። በቀረበልህ መልኩ እምቢ ብትል ደስ ይለኛል። ሥልጣን ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። የመረጡት ነገር ያንተን ሆድ ስለነካ ነው። ስለ ጎዳና መብራት ወይም ስለ ፓርክ ዝም በል ቢሉህ «ይሁን፣ ፖለቲካ ነው» እልህ ነበር። ይህ ግን የደንበኛህ የዕቁብ ብር ነው። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለነሱ ማን ሊነግራቸው ይችላል? ሐበሻ ጥሬ ብር ይዞ የሚጓዘው ዕፅ ስለሚሸጥ ሳይሆን ተራው ስለደረሰው መሆኑን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? አንተን ልዩ የሚያደርግህን አፍ ዘግተው አንተን መውሰድ ፈለጉ። ትንሽ አልበዛም?

ደግሞ ብቻህን አይደለህም። በየካቲት 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኢንዲያናውን ታይሰን ቲምብስን ጉዳይ ሲወስን ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ከመጠን ያለፈ ቅጣትን የሚከለክለው ስቴቶችንም ጭምር ነው ብለው። ሰውየው 42 ሺህ ዶላር ያወጣች መኪናውን ነበር የተወሰደበት። ቀኝም ግራም የተስማሙበትን ነገር ዝም በል የሚልህ ሰው የፈራው ክርክሩን አይደለም፤ የሸሪፎቹን ድጋፍ ማጣት ነው። ይህን ፊት ለፊት ብትለው ምን ይመልስልህ ይሆን? እውነቴን ነው፣ መልሱ ያጓጓኛል።

ስለ ጓደኛህ ብዙ አልልም። አልመርጥም ማለት መብቱ ነው፤ ከነዚያ ሁሉ ተጣልተህ እሱ ስለቀረልህ ብቻ ግን የሱን ሐሳብ እንደ ቃል ኪዳን አትያዝ። ድምፅ የማይሰጥ ሰውም የታክሲ ፈቃድ ሲፈልግ የመንግሥት ቢሮ ደጅ መጥናቱ አይቀርም።

ታክሲ ካልኩ አይቀር ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼን በደንብ የተረዳኸው አልመሰለኝም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። እሳቸው ፓርቲ ሲሉ የሚታያቸው የምርጫ ፖስተር አይደለም። ቀበሌ ነው፣ የመታወቂያ ወረቀት ነው፣ በአዋጅ የተወረሰ ትርፍ ቤት ነው፣ ለሥራ ዕድገት ኢሠፓ መግባት ነው፣ ሄዶ ያልተመለሰ ወንድም ነው። አንተ በ2008 በንግግር የተማርከውን እሳቸው በበረሃ በእግራቸው ተምረውታል። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁላችሁም ቀድሞ ሊበርታሪያን የሆነው ማን ይመስልሃል?

ግን እሳቸውም የረሱት ነገር ያለ ይመስለኛል። አልጻፍክልኝም እንጂ፣ ዴንቨር ውስጥ የኖሩ አባት ከሆኑ ታክሲ ሳይነዱ አይቀርም ብዬ ገመትኩ፤ ካልነዱም የነዳ ጓደኛ አላቸው። ዴንቨር ከ1947 ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አዲስ የታክሲ ድርጅት አልተፈቀደባትም ነበር። ነባሮቹ ካልፈቀዱ አይገባም፤ ሾፌር ሆነህ በየሳምንቱ ሊዝ እየከፈልክ ለነሱ መንዳት ብቻ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሊሮይ ጆንስ የሚባል ሾፌር ከአፍሪካ ከመጡ አጋሮቹ ጋር (የአንዱ ስም የኛው ስም ነው) የራሳችንን ድርጅት እናቁም ብሎ ተከለከለ። የነፃ ገበያ ጠበቆች ይዘውለት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ አልሰማውም። ጉዳዩ ይግባኝ ላይ እያለ ግን የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች በ1994 ሕጉን አሻሻሉት፣ በ1995 ፍሪደም ካብስ መንገድ ላይ ወጣ። ከዚያ ሕጉ በ2008 እንደገና ላላና በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሚባል፣ ሾፌሮቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ማኅበር ፈቃድ አገኘ፤ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ስደተኞች ነበሩ።

ልብ አድርገህ አንብበው። በሩን የከፈተው ንጹሕ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ጠበቃ ነበረበት፣ ሾፌር ነበረበት፣ ማኅበር ነበረበት፣ በመጨረሻም ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የመጡ፣ ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸው ተወካዮች እጃቸውን አወጡ። መንግሥት የዘጋውን የከፈተው መንግሥት ነው፤ ግን ሰዎቹ ደጁ ላይ ቆመው ስለጮሁ። ጋሼን ስለዚያ ዘመን ጠይቃቸው። «ፓርቲ ልግባ ወይ?» ብለህ አትጀምር፣ እንደገና ይነሱብሃል። «ጋሼ፣ ያኔ ፈቃድ ስታጡ ምን አደረጋችሁ?» በል። ባዶ እጅህንም አትሂድ፤ ሁለት ወር ላኮረፈ ሰው ዳቦ ወይም አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ብዙ ይናገራል። ይቅርታም ካስፈለገ ቀድመህ ጠይቅ። ታናሹ አንተ ነህ።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ቡና ለጋበዘህ ሰውዬ ደውልለትና አንድ ነገር በኢሜይል እንዲጽፍልህ ጠይቀው፤ «ስለ ንብረት መውረስ እንዳልናገር የምትፈልጉት በትክክል እስከ መቼ ነው? ካሸነፍኩ በኋላ ሕግ ባቀርብ ትደግፉኛላችሁ?» ብለህ። መጻፍ ካልፈለገ መልሱን አገኘህ። ኮሎራዶ ውስጥ እኮ በ1988 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ደንብ አለ፤ የፓርቲ አባላት ተሰብስበው የተወካይን ድምፅ አስቀድመው እንዳያስሩ ይከለክላል። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ ከ65 አንዱ ነህ፣ ድምፅህ የራስህ ነው። የሚያስፈራኝ ሳትቀመጥ የምትሰጠው ቃል ነው፤ ያ ደንብ እሱን አይከለክልም።

በዚያው ሳምንት አንድ ወረቀት ውሰድና ምንም ቢመጣ ድምፅ የማትሰጥባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፍ። አሥር አይሁኑ፤ አሥር ከጻፍክ ለሰበብ ነው። ለባለቤትህ ስጣትና ትደብቅልህ። አንድ ቀን ብትገባ፣ ስትቀየር ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

ይህን ሁሉ ቆጥረህ እምቢ ካልክ ቤት ትቀመጣለህ ማለት አይደለም። ያ የ1988ቱ ደንብ ለቀረበ ሕግ ሁሉ የኮሚቴ ውይይት እንዲደረግለትም ያዛል፤ ማንም ሰው ገብቶ መናገር ይችላል። የስቴቱ ምክር ቤት በጥር ከፍቶ 120 ቀን ይሰበሰባል። ደንበኛህን ይዘህ ግባ፣ ካልፈለገ ስሙን ሳትጠራ ታሪኩን ንገር፤ ወሰዱ የተባለው ሌላ ስቴት ቢሆንም እዚህ እንዳይደገም መጠየቅ ትችላለህ። የጋበዘህ ፓርቲም፣ ያ የተጣላህ ፓርቲም፣ ሁለቱም ይሰሙሃል። እስከዚያ ድረስ ያለ ፓርቲ ተመዝገብ። ነውር የለውም፤ ኮሎራዶ ውስጥ ከየትኛውም ፓርቲ አባላት ይልቅ የሚበዙት ያለ ፓርቲ የተመዘገቡት ናቸው፣ ከ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ ደግሞ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። አንድ የስብሰባ ወቅት እንዲህ አሳልፍና ምን እንደሚሰማህ እየው። ደስ ካለህ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጋብዝህ ሰው ስለ ዝምታ አያነሳም፤ ድምፅህን ቀድሞ ሰምቶታላ።

ከወጡት ጓደኞችህ መካከል ደግሞ አንዱን ምረጥ፣ አንዱን ብቻ፣ ቡና ጋብዘው። ስለ ሬኖ አታውሩ።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤህ ጎደለብኝ። የሁሉንም ሐሳብ ጻፍክልኝ፤ የጓደኛህን፣ የጋሼን፣ የጋባዦቹን። ባለቤትህ «አታድርቀኝ» ከማለቷ ሌላ ምን እንደምታስብ ግን አልነገርከኝም። ጠይቀሃታል? ብትወዳደር ማታ ማታ ቤቱን ብቻዋን የምትይዘው እሷ ናት። ይህን ስታነብልህ ገጹን ታጥፈውና ጠይቃት፣ ከዚያ ጻፉልኝ። ሁለታችሁም።